ኮምፒዩተሩ ጠፋ፤ ጥፋቱስ የማን ነው?

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አጣና ተራ አካባቢ ይኖራል እንበል። ሳጥኑን፣ ማዘርቦርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ሌሎቹን ክፍሎች ከፊሉን አዲስ፣ ከፊሉን ያገለገለ አድርጎ ከጎረቤት መርካቶ እየገዛ ካጠራቀመ በኋላ ኮምፒዩተሩን በገዛ እጁ ገጣጠመ። ኮምፒዩተሩ ሁለት ወር ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ በኋላ ግን ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ድርግም ብሎ መጥፋት ጀመረ። አንዳንዱን ቀን ጨርሶ አይጠፋም፤ አንዳንዱን ጠዋት ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥርም ያልተቀመጠው የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል።

ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው። አንዱ ወዳጅ «ራሙ ነው፣ ቀይረው» ይላል፤ ሌላው «ዊንዶውሱን እንደገና ጫነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ማዘርቦርዱ አልቆለታል» ብሎ ይፈርዳል። እያንዳንዱ ግምት ገንዘብ ያስወጣል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገና የብር የምንዛሪ ዋጋ ከወረደ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣን ዕቃ በግምት መቀያየር ከቀድሞው ይልቅ ኪስ የሚጎዳ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሌላውን መንገድ ነው። ኮምፒዩተር በድንገት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ «ሞተ» ማለት አይደለም፤ በውስጡ ካሉት ጠባቂዎች አንዱ አደጋ አይቶ እንዲጠፋ አድርጎታል ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው ጠባቂ ነው የፈረደው? ምንስ አይቶ?» የሚለው ነው። መልሱ አንዳንድ ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ሳጥን ውጭ ሆኖ ይገኛል።

ጠባቂዎቹ እነማን ናቸው?

የመጀመሪያው ጠባቂ የሚገኘው በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ነው። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥታ ኮረንቲ ይለውጣል። ኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ኤቲኤክስ በተባለው ደረጃ መሠረት ፓወር ሰፕላዩ እነዚህ ቮልቴጆች በሚገባቸው መጠን ላይ መሆናቸውን «ፓወር ጉድ» በሚባል ምልክት አማካይነት ለማዘርቦርዱ ያለማቋረጥ ያስታውቃል። ምልክቱ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ወዲያውኑ ያስቆማል። ከዚህም በላይ የሚበዛው ፓወር ሰፕላይ ሾርት ሲፈጠር ወይም የሚሳበው ኮረንቲ ከልክ ሲያልፍ ራሱን የሚዘጋበት መከላከያ አለው።

ሁለተኛው ጠባቂ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሙቀት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፔንቲየም 4 ሙቀቱ ሲያይል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህ ካልበቃና ሙቀቱ የመጨረሻውን ወሰን ካለፈ ኃይሉ እንዲቋረጥ ያደርጋል። የዛሬዎቹም ፕሮሰሰሮች የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ፍጥነት መቀነስ የሚጀመረው ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቃረቡ ነው።

ሦስተኛው ጠባቂ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ዊንዶውስ ሊያርመው የማይችለው ስሕተት ሲገጥመው ሥራውን አቁሞ ሰማያዊውን ገጽ ያሳያል። ሆኖም ከብልሽት በኋላ ራሱን እንደገና እንዲያስነሣ ተደርጎ ስለሚመጣ ገጹ ሳይነበብ ያልፍና ኮምፒዩተሩ በኮረንቲ ምክንያት የጠፋ ያስመስለዋል። ይህን ቅንብር ከሲስተም መምረጫዎች ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ከምርመራው የመጀመሪያ ተግባራት አንዱ ነው።

አጠፋፉን ማንበብ

ሐኪም ከምርመራ በፊት በሽተኛውን «መቼ ጀመረህ? ምን ስታደርግ ነው የሚብስብህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ እዚህም የመጀመሪያው መሣሪያ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ፣ ይሠራ የነበረው ፕሮግራም፣ በቤቱ ውስጥ ተሰክቶ የነበረው ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ እንዲሁም አጠፋፉ ይመዘገባል። የአጠፋፉ ዓይነት ብዙ ነገር ይናገራል።

ሶኬቱ የተነቀለ ያህል ድርግም ብሎ ጠፍቶ ወዲያው በራሱ የሚነሣ ከሆነ ጥርጣሬው በሚመጣው ኮረንቲ ወይም በፓወር ሰፕላዩ ላይ ይሆናል። ጠፍቶ ማስነሻውን ቢጫኑትም እምቢ ካለ፣ ከጀርባው ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ራሱን ቆልፏል ማለት ይቻላል። ከመጥፋቱ በፊት ሥራው የሚንቀረፈፍና የፋኑ ድምፅ የሚያይል፣ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ብቻ ደኅና የሚሆን ከሆነ ሙቀት ይጠረጠራል። ምስሉ ደርቆ የሚቀር ወይም ሰማያዊ ገጽ የሚታይ ከሆነ ነገሩ ወደ ራም፣ ወደ ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ሶፍትዌር ያዘነብላል። ዊንዶውስ በሥርዓቱ ተሰናብቶ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ የሰዓት ቅንብር፣ የዝመና ፕሮግራም ወይም የተጣበቀ የማስነሻ ቁልፍ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስም የራሱ ደብተር አለው። ኢቨንት ቪወር በተባለው ፕሮግራም ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ከተገኘ ኮምፒዩተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ቀርቶ እንደገና መነሣቱን ይገልጻል። ብዙዎች ይህን ቁጥር እንደ በሽታ ስም ይወስዱታል፤ ነገር ግን መዝገቡ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው የብልሽት ኮድ ዜሮ ካልሆነ ሰማያዊ ገጽ ታይቶ እንደነበር ያመለክታል፤ ዜሮ ከሆነ ግን ዊንዶውስ ራሱ ምንም ሳያይ በድንገት ኃይል የተቋረጠበት ሊሆን ይችላል።

ሙቀትና የአዲስ አበባ ቀጭን አየር

ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሆኑን ተማሪዎች ያውቃሉ። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ የወረደ መሆኑ ነው። በእኩል የሙቀት መጠን የአየሩም እፍጋት በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኮምፒዩተር ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት በየትም አገር ያው ነው፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው ሙቀት ተሸካሚ አየር ግን እዚህ ሩብ ያህል ይጎድለዋል።

ውጤቱን በቁጥር እናስላው። ጅቡቲ ውስጥ 35 ዲግሪ በሆነ ክፍል የተቀመጠ ፕሮሰሰር ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ በልጦ 75 ዲግሪ ላይ ይሠራል እንበል። ያው ኮምፒዩተር አዲስ አበባ ሲመጣ የ40 ዲግሪው ልዩነት በአየሩ መሳሳት የተነሣ ከ46 እስከ 51 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆን ፕሮሰሰሩ ከ68 እስከ 73 ዲግሪ ላይ ይሆናል ማለት ነው። የከተማችን ቀዝቃዛ አየር የሚሰጠውን ጥቅም ከፍታው አብዛኛውን መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ «አገሩ ብርድ ነው፣ ኮምፒዩተር አይሞቅም» የሚለው አነጋገር አያስተማምንም፤ በበጋው አቧራ የተደፈነ ማቀዝቀዣ ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ አይሠራም።

በቤት ውስጥ በተገጣጠሙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚታዩት የሙቀት ችግሮች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። ማቀዝቀዣውን ከማዘርቦርዱ ጋር ከሚያያዙት አራት እግሮች አንዱ በሚገባ ሳይገባ ይቀራል፤ በማቀዝቀዣው ግርጌ ያለው መከላከያ ላስቲክ ሳይላጥ ይገጠማል፤ ያገለገለ ፕሮሰሰር ሲገዛ የደረቀው ቴርማል ፔስት ሳይቀየር ይቀራል፤ ወይም የተንጠለጠለ ሽቦ ፋኑን ይይዘዋል። የሙቀት መጠኑን በባዮስ ውስጥ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ነፃ ፕሮግራም ማንበብ ይቻላል። ኮምፒዩተሩ ከባድ ሥራ እየሠራ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳያልፍ ከጠፋ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ነፃ ወጥቷል ማለት ይቻላል፤ ፍለጋው ወደ ሌላ ይሸጋገራል።

የፓወር ሰፕላዩ መለያ ወረቀት

በካርቶኑ ላይ «500 ዋት» የሚል በጉልህ የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ የግድ 500 ዋት ለሚፈልግ ኮምፒዩተር ይበቃል ማለት አይደለም። ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ መነበብ ያለበት በጎኑ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ነው። በ12 ቮልት ሥር 18 አምፔር ብቻ ከተጻፈ መስመሩ የሚችለው 216 ዋት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ጽሑፍ ሲጻፍበት ውሎ ጌም ሲከፈትበት ቢጠፋ ሊያስደንቅ አይገባም።

ቮልቴጁን በመልቲሜትር መለካት ይቻላል። ቢጫው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲለካ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ደግሞ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ተራ መልቲሜትር በሺሕኛ ሴኮንዶች ውስጥ የሚከሰትን መዋዠቅ አያሳይም፤ ስለዚህ መጥፎ ንባብ ጥፋትን ያረጋግጣል፣ ደኅና ንባብ ግን ጤንነትን አያረጋግጥም። ፓወር ሰፕላዩን ፈትቶ መመርመር ግን ፈጽሞ የሚመከር አይደለም። በውስጡ ያለው ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ያገለገሉ ማዘርቦርዶችን የሚገዛ ሰው አንድ ታሪክ ማወቅ ይጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ገደማ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ የተመረቱ ብዙ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች የፈሳሻቸው ቅመም ጉድለት ስለነበረበት ጊዜያቸው ሳይደርስ አብጠው ፈነዱ። ዴል ኩባንያ በኦፕቲፕሌክስ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ለደረሰው ለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. በ2005 የ300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ጤነኛ ካፓሲተርም ቢሆን በሙቀት ያረጃል፤ በተለመደው ስሌት መሠረት የሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። በማዘርቦርዱ ላይ አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካፓሲተር መኖሩን በዓይን ማየት ይቻላል።

የምጣዱ ምስክርነት

ወደ ተማሪያችን ደብተር እንመለስ። ኮምፒዩተሩ የጠፋባቸው ቀናት ሲታዩ ማክሰኞ፣ ዓርብ፣ እንደገና ማክሰኞ ሆነው ተገኙ፤ ሰዓቱም ሁልጊዜ ጠዋት ነው። በ«ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ» ዓምድ ሥር በሦስቱም ቀናት የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ ምጣድ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ኃይል የሚወስድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው። የምጣዱ ሬዚስታንስ ሲሰላ 13.8 ኦም ገደማ ይሆናል። አሁን ቤቱ ቆጣሪው ካለበት 40 ሜትር የሚርቅ ሆኖ፣ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ የተሳበ ነው እንበል። ደርሶ መልስ 80 ሜትር የሚሆነው ሽቦ ወደ 0.92 ኦም ሬዚስታንስ አለው። የውጭው መስመርና የላሉ ማያያዣዎች ሲጨመሩበት 1.5 ኦም ይሁን። ምጣዱ ሲሰካ በመስመሩ 14.4 አምፔር ይፈስሳል፤ በዚህም ወደ 22 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል። ኮምፒዩተሩ ዘንድ የሚደርሰው 220 ሳይሆን 198 ቮልት ነው። ጎረቤቶችም በዚያው መስመር ላይ ምጣዳቸውን ከሰኩ 190 ቮልት መድረሱ አይቀርም።

አንባቢው «190 ቮልትማ ለፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ይበቃዋል። ምስጢሩ ያለው በመጠባበቂያው ላይ ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያለው ትልቅ ካፓሲተር የኮረንቲው መቆራረጥ እንዳይሰማ ጥቂት ጉልበት አጠራቅሞ ይይዛል። የሚይዘው ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ ጋር ሳይሆን ከቮልቴጁ ካሬ ጋር የተመጣጠነ ነው።

የካፓሲተሩ መጠን 330 ማይክሮፋራድ፣ ኮምፒዩተሩ ከእሱ የሚስበው ኃይል 312 ዋት፣ ፓወር ሰፕላዩ ሥራ የሚያቆመውም የካፓሲተሩ ቮልቴጅ ከ210 በታች ሲወርድ ነው እንበል። ሶኬቱ 220 ቮልት ሲሰጥ ካፓሲተሩ እስከ 311 ቮልት ይሞላል፤ ኮረንቲ ቢቋረጥ ኮምፒዩተሩን ለ28 ሺሕኛ ሴኮንድ ያቆየዋል። ሶኬቱ 190 ቮልት ሲሰጥ ግን የሚሞላው እስከ 269 ቮልት ብቻ ስለሆነ የሚያቆየው ለ15 ሺሕኛ ሴኮንድ ብቻ ይሆናል። የ50 ኸርዝ ኮረንቲ አንድ ሙሉ ዑደት 20 ሺሕኛ ሴኮንድ መሆኑን እናስታውስ። እንግዲህ በመስመሩ ላይ አንድ ዑደት ብቻ ቢጎድል፣ ምጣድ በሌለበት ቀን ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይሰማው ያልፋል፤ ምጣድ በተሰካበት ቀን ግን ይጠፋል። አምፖሉ እንኳ ብልጭ ማለቱ ላይታይ ይችላል። ካፓሲተሩ በእርጅና 200 ማይክሮፋራድ ብቻ የቀረው ከሆነ ደግሞ በጥሩ ቀን 17፣ በምጣድ ቀን 9 ሺሕኛ ሴኮንድ ብቻ ይቀረዋል። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ከጊዜ በኋላ የሚለግመው ለዚህ ነው።

አክቲቭ ፒኤፍሲ የተባለ ሥርዓት ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች ካፓሲተራቸውን ሶኬቱ የሚሰጠው ቮልቴጅ ምንም ይሁን ምን ወደ 380 ቮልት ከፍ አድርገው ስለሚሞሉ ይህ ችግር ብዙም አይነካቸውም። መለያ ወረቀታቸው ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ከጀርባም 115 እና 230 የሚል መምረጫ የላቸውም።

ከኮምፒዩተሩ የሚበልጠው አደጋ

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ነገር ግን የቱንም ያህል ኃይል ቢመነጭ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ያለውን ቀጭን ሽቦ አያወፍረውም። ከላይ ባየነው መስመር ላይ አንድ የላላ ማያያዣ ብቻውን 0.3 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ 14.4 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 62 ዋት ሙቀት ይፈጥራል። ይህ የአንድ ተራ አምፖል ሙቀት በጣት በምታህል ቦታ ላይ፣ ምናልባትም ከኮርኒስ በላይ ወይም ከጭቃ ግድግዳው ጭድ አጠገብ ተከማችቶ ማለት ነው። የእሳት አደጋ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው። ኮምፒዩተሩ የጠፋው በቤቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ቀድሞ የመስመሩን መድከም ስለተረዳ ሊሆን ይችላል።

የብረት ሳጥኑ ሲነካ የሚነዝር ከሆነም የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው። የሶኬቱ የመሬት መስመር ካልተያያዘ በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ያሉት ትንንሽ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ሳጥኑን የ220 ቮልቱን ግማሽ ያህል ያሸክሙታል። የሚፈሰው ኮረንቲ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም፣ የመሬት መስመር በሌለበት ሌላ ብልሽት ቢከሰት ሰውን የሚያድነው ነገር የለም።

መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ነው። ምጣዱ ከቆጣሪው በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና በራሱ ብሬከር ለብቻው ሲሳብ የ80 ሜትሩ ሬዚስታንስ ወደ 0.34 ኦም ይወርዳል፤ ኮምፒዩተሩም ከምጣዱ መስመር ይላቀቃል። ይህ ሥራ ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚተው ነው። ቮልቴጁ ከቆጣሪው በፊት የወረደ ከሆነ ደግሞ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ነው፤ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ደብተር ለአቤቱታውም ይረዳል።

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ በብዙዎች ዘንድ እንደ አንድ ዕቃ ይታያሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ስታቢላይዘር የወረደውን ቮልቴጅ ቀስ ብሎ ያቃናል እንጂ ጉልበት ስለማያጠራቅም የአንድ ዑደትን መቋረጥ አይሸፍንም። ዩፒኤስ ግን ባትሪ አለው፤ የተለመዱት ዓይነቶች በ10 ሺሕኛ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ወደ ባትሪ ይሸጋገራሉ። ሲገዛ የቪኤው ቁጥር ሳይሆን የዋቱ ቁጥር መታየት አለበት፤ «650 ቪኤ» የተባለው ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ከማያስከፍለው ወደሚያስከፍለው ቢሄድ ይመረጣል።

1. ለአንድ ሳምንት መዝግቡ፤ ሰማያዊው ገጽ እንዲታይ አድርጉ፤ የዊንዶውስን መዝገብ አንብቡ።
2. ሶኬቱን ነቅላችሁ ሳጥኑን ክፈቱ፤ አቧራውን አጽዱ፤ የማቀዝቀዣውን እግሮች፣ ለፕሮሰሰሩ 12 ቮልት የሚያደርሰውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ መሰኪያ፣ ከማዘርቦርዱ ሥር የሚገቡትን የነሐስ ማቆሚያዎችና ያበጡ ካፓሲተሮችን ተመልከቱ።
3. በሥራ ላይ ሳለ ሙቀቱን አንብቡ።
4. ራሙን ሜምቴስት 86 በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ፈትሹ።
5. ኮምፒዩተሩን ሳይነካኩ ወደ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ወስዳችሁ ጥቂት ቀናት ሥሩበት። እዚያ ካልጠፋ ጥርጣሬው ወደ ቤቱ መስመር ያዘነብላል፤ እዚያም ከጠፋ ወደ ሳጥኑ ተመለሱ።
6. ከዚህ በኋላ ብቻ ፓወር ሰፕላይ ተውሳችሁ ሞክሩ፤ ለውጥ ካመጣ ግዙ።

በአንድ ጊዜ መለወጥ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ራሙንም፣ ፓወር ሰፕላዩንም፣ ዊንዶውሱንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ኮምፒዩተሩ ቢድንለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው ሊያውቅ አይችልም፤ በማግስቱ ቢጠፋበትም ከመጀመሪያው ይልቅ ግራ ይጋባል። ተማሪያችን ያደረገው ከአምስተኛው ተራ መጀመር ነበር። ኮምፒዩተሩ ቤተል ባለው አክስቱ ቤት ለአራት ቀን ሳይጠፋ ሰነበተ። በሚቀጥለው ሳምንት የተጠራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከኮርኒሱ በላይ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ፣ ልባሱ ጠቁሮ የተኮማተረ የሽቦ መጋጠሚያ አገኘ። ማዘርቦርዱ ግን ምንም አልሆነም ነበር።